ደብቀነዋል ስለተባለው ቀለም

ለተከበሩ የንግድ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ፣ እንዲሁም በሁለተኛው ፎቅ የሰነድ ክፍል ውስጥ ረዘም ያለ እረፍት የወሰደው ፋይላችን ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ታናሽ እህቴ ደህና ነን። በግል ቀርቤ ላመለክት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ለግል አቤቱታ የተሰጠኝ ቀጠሮ ከሠላሳ አምስት ቀን በኋላ በመሆኑ፣ ያን ያህል ቀን ሰላምታዬን አፍኜ መቆየት ነውር መስሎ ስለታየኝ በአደባባይ ጽፌአለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እህቴ ሃያ ሦስት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። ሰው በር ላይ ቆሞ ሰላም ሲላት ወገቡን በዓይኗ ለክታ ስለምትጨርስ የሰፈሩ ሰው "ሜትሬ" ይላታል። ከሦስት ዓመት በፊት ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት፣ ቀጥሎ መቀስ መያዝ አቃታትና ሱቋን ዘጋች። ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮት አጠገብ ወንበር ስባ የመንገደኛውን ልብስ ስፌት ስታማ ከረመች። አምና ልጇ ከምትሠራበት የማስታወቂያ ድርጅት ያገለገለ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ገዝታ አመጣችላት።

ማሽኑ ከጉዞ ሻንጣ ያንሳል። ከኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል፤ የሩዝ ፍሬ የምታክል ምላጭ በስክሪኑ ላይ የተሳለውን መስመር እየተከተለች ወፍራም ወረቀት ትቆርጣለች። እህቴ በግራ እጇ ትስላለች፤ መስመሩ ከተበላሸባት አጥፍታ እንደገና ታሰምራለች። ማሽኑ አይንቀጠቀጥም። እሷ ትስላለች፣ ማሽኑ ይቆርጣል፣ እኔ አጥፌ በሙጫ አጣብቃለሁ። የበዓል ካርድ፣ መስኮት ላይ የሚንጠለጠል ኮከብ፣ ስጦታ የሚከተትበት ሳጥን እየሠራን ለጎረቤት ስንሰጥ ከረምን። ለዘንድሮው በዓል ግን የሰፈራችን ኬክ ቤት፣ ክዳኑ እንደ አበባ የሚዘጋ ሦስት መቶ ሳጥን አዘዘን። ሱቋ ከተዘጋ ወዲህ ሜትሬ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ስትነሣ ያየሁት በዚያ ሳምንት ነው።

በዓሉ አሥራ ሦስት ቀን ሲቀረው የእርስዎ ባለሙያዎች መጡ። ከዚህ በታች ያለው ምስጋናዬ ነው።

አንደኛ፤ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ስለላኩልን አመሰግናለሁ። አንደኛው ቦርሳ ይዟል፤ ሁለተኛው ምንም አልያዘም፣ ምንም አልተናገረም። ባለ ቦርሳው ገና ከደጅ "እማማ" ብሎ ጠራኝ። እኔ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እሱም ከአርባ አምስት አያንስም። በስድስት ዓመቴ ይህን የመሰለ ልጅ መውለዴን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ባለ ቦርሳው ማሽናችንን ስለመረመረበት ጥልቀት የተለየ ምስጋና አቀርባለሁ። ወረቀት በፊት ለፊት ሲገባ አየ፣ ተመልሶ ሲወጣ አየ፣ ሽቦውም ወደ ኮምፒዩተር እንደሚሄድ አየ፤ ወዲያው "ፈቃድ የሌለው ማተሚያ ቤት" ብሎ ጻፈ። መቁረጫ እንጂ ማተሚያ አይደለም ብዬ ባስረዳው፣ "ታዲያ ቀለሙ የት አለ?" አለኝ። ቀለም የለውም አልኩት። "ማተሚያ ሆኖ እንዴት ቀለም አይኖረውም?" አለ። ማተሚያ ስላልሆነ ነው ብዬ መለስኩ። መልሴን ትንሽ አሰበበትና ተንበርክኮ አልጋ ሥር አየ። ሜትሬ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ሱሪው ሁለት ቁጥር ይሰፋሃል" አለችው። ቁም ሣጥኑን፣ የምድጃውን ሥር፣ የድሮ የክር ሣጥኗን ሳይቀር ፈተሸ። በመጨረሻ በቅጹ ላይ ያሰፈረውን ቃል በቃል ልጥቀስ፦ "በተደረገው ፍተሻ ቀለም ያልተገኘ ሲሆን፣ ይህም ቀለሙ በከፍተኛ ጥንቃቄ የተደበቀ መሆኑን ያረጋግጣል።" ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስንት ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ፤ የሌለ ነገር ባለመኖሩ ብቻ እንዲህ ሲረጋገጥ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ እሽጉ። ማሽኑ ሥራ ላይ ነበር፤ ምላጯ የአንድ አበባ ሦስተኛ ቅጠል ላይ ደርሳለች። ባለ ቦርሳው ሽቦውን ነቀለና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በክዳኑ ላይ ለጠፈ። ወረቀቱ በእጅ የተቀደደ ነው፤ አንዱ ዳር ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል። ወረቀት የሚቆርጥ ማሽን በወረቀት እንዲታሸግ ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ ሄጄ እጁን እጨብጠው ነበር። ሜትሬ፣ "ብትነግረን እኮ ዳሩን አስተካክለን እንቆርጥልህ ነበር" አለችው። ዝምተኛው ባልደረባው የሳቀ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በቅጹ ላይ ስላልሰፈረ አልሳቀም ማለት ነው።

አራተኛ፤ ስለ መስኮቶችዎ። በመስኮት ሦስት የምትሠራው ወይዘሪት ለማተሚያ ቤት የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ ነገረችኝ፦ አርባ ካሬ ሜትር ክፍል፣ ሁለት መውጫ በር፣ የቀለም ማስወገጃ ጉድጓድ፣ ዲፕሎማ ያለው የቴክኒክ ኃላፊ። እኛ ማሽኑን ያስቀመጥነው የምግብ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነው፤ ስንበላ ወደ ግድግዳው እንገፋዋለን። ሌላ መደብ ካለ ብዬ ወደ መስኮት ሰባት ሄድኩ። እዚያ ያለው ወጣት ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጎ ዝርዝሩን እስከ ታች አነበበልኝ። ስለት ያለው መሣሪያ የሚጠቀሙት ሥጋ ቤት፣ ፀጉር አስተካካይና እንጨት ሠሪ ናቸው። "ከሥጋ ቤት ጋር ላስገባዎት? ነጭ ጋውንና የጤና ምርመራ ብቻ ነው የሚፈልገው" አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከሰማሁት ሁሉ ይህ የተሻለው ነበር። መስኮት ሦስት ግን አልተስማማችም፤ ማተሚያ ቤት አለመሆናችንን ከአታሚዎች ማኅበር አጽፌ እንዳመጣ ላከችኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ ደግሞ ማስረጃ የሚጽፉት ለአባሎቻቸው ብቻ እንደሆነ በትሕትና ገለጸልኝ። "አባል ይሁኑና አታሚ አለመሆንዎን ወዲያው እንጽፍልዎታለን" አለኝ።

አምስተኛ፤ በመሥሪያ ቤትዎ ቅጽ ላይ አምስተኛው ሣጥን "ለቢሮ አገልግሎት ብቻ" ስለሚል እዚህም ባዶ ትቼዋለሁ።

ስድስተኛ፤ በእነዚህ ጉዞዎች መካከል ስምንት ቀን አለፈ። የኬክ ቤቱ ባለቤት ደወለ። ክፉ ሰው አይደለም። "ሜትሬ፣ እኔ ከበዓል በኋላ ሳጥን ምን ያደርግልኛል? ካልደረሰላችሁ የላስቲክ እገዛለሁ፤ ለሚመጣው በዓልም ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ አትቀየሚኝ" አላት። አልተቀየመችም። ስልኩን ዘግታ መቀሷን ከክር ሣጥኑ አወጣች። አሥራ ሁለት ሳጥን ሞከረች። አሥራ ሁለቱም ዳራቸው የመጋዝ ጥርስ መሰለ። ቁርጥራጩን ጠርጋ ጣለች፣ ወንበሯንም ስባ መስኮቱ አጠገብ መለሰችው። ያንን ወንበር ከዚያ ለማንሣት ሁለት ዓመት ፈጅቶብን ነበር። መሥሪያ ቤትዎ በስምንት ቀን መለሰው። ሥራ ይጓተታል እያሉ ለሚያሙዎት ሰዎች ይህን እንደ ምሳሌ ቢጠቅሱት አልቃወምም።

ሰባተኛ፤ በዘጠነኛው ቀን መስኮት ሦስት ችግሩን አገኘችው። ፋይላችን ለውሳኔ ወደ ላይ መውጣት ያልቻለው "ኤግዚቢት" የሚለው ቦታ ባዶ ስለሆነ ነው። "እሽጉ እንዲነሣ የተያዘው ነገር መቅረብ አለበት፤ የተያዘው ቀለም ነው፤ ቀለሙ ደግሞ አልቀረበም" አለችኝ። ቀለም የለም አልኳት። "እሱን እኮ ነው የምልዎት፤ የለም። ያምጡት።"

ቤት ሄጄ ለሜትሬ ነገርኳት። ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣ "እትዬ፣ ቀለም አይደል የፈለጉት? ገዝተሽ ስጫቸው" አለች።

ገዝቼ ሰጠኋቸው። ከመሥሪያ ቤትዎ በር ፊት ለፊት ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ፣ ሰማያዊው አልቆ ስለነበር፣ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ቀለም። በአሥረኛው ቀን ጠዋት "ደብቄው የነበረውን ቀለም በፈቃዴ አስረክቤአለሁ" በሚል ጽሑፍ ሥር ፈረምኩ። አሥር ቀን መንቀሳቀስ ያቃተው ፋይል በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ደርሶ ተመለሰ። በማግስቱ ባለ ቦርሳው የእሽግ ማንሻ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የለጠፈውን ወረቀት እየላጠ፣ "አዩ እማማ፣ መጀመሪያውኑ እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" ብሎ መከረኝ።

በዓሉ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። መቶ አሥር ሳጥን ሠራን። ኬክ ቤቱ መቶ አሥሩን ተቀበለ፣ ለቀረው የላስቲክ ገዛ። ስለሚመጣው በዓል ስንጠይቀው "እናያለን" አለ።

ስምንተኛ፤ እዚህ ላይ ዝም ብለን ሰላም በሰላም ልንለያይ እንችል ነበር። ነገር ግን የማንሻው ደብዳቤ የመጨረሻ አንቀጽ፣ አንድ ጠርሙስ ቀለም ለአንድ ማተሚያ ቤት በቂ አለመሆኑን የመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያዎች በጥናት እንደደረሱበት ገልጾ፣ ቀሪውን ቀለም በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላስረከብን ማሽኑ እንደሚወረስ ያስጠነቅቃል። ለሚቀጥለው ጠርሙስ ወደ ሱቁ ልሄድ ተነሥቼ ነበር። በር ላይ ስደርስ ይህ ነገር መጨረሻ እንደሌለው ገባኝ፤ በሰጠሁ ቁጥር የደበቅኩት እየበዛ ይሄዳል።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ በይፋ አምናለሁ። ቀለም የለንም፤ ኖሮንም አያውቅም። ያስረከብኩት በዚያው ጠዋት የተገዛ ነው። የፈረምኩት ውሸት ነው፤ ፊርማው የእኔ ነው፤ እህቴ በምንም ወረቀት ላይ አልፈረመችም። ቅጣት ካለው ለእኔ ይሁን፤ አድራሻዬን ባለ ቦርሳው ከአልጋ ሥር ጀምሮ ያውቀዋል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ማተሚያ ቤት" የሚለው ተሰርዞ "ወረቀት መቁረጫ" ተብሎ ይጻፍልን። በዝርዝሩ ላይ እንዲህ ያለ መደብ ከሌለ አንድ መስመር ይጨመር። ያ ማሽን የእህቴ ቀኝ እጅ ነው። ይህን የምለው ላሳዝንዎ ብዬ አይደለም፤ በቅጹ ላይ "የመሣሪያው አገልግሎት" የሚል ባዶ ቦታ ስላለና ባለ ቦርሳው ሳይሞላው ስለሄደ ነው።

ለሰጡን ትኩረት፣ ለወሰዱብን አሥራ አንድ ቀን፣ ሥጋ ሻጭ ልሆን ስል ስላዳነኝ ጥብቅ አሠራርዎ፣ በስተእርጅና ስላገኘሁት ባለ ቦርሳ ልጄም ጭምር ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ፎቅዎ እንዳይርቅብዎ፣ ፋይሎችዎም በሰላም እንዲያርፉ ዘወትር የምትመኝልዎ

ቀለም የሌላት አታሚ፣
የሜትሬ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ የማንሻውን ደብዳቤ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ስል አንድ ነገር አየሁ። በእሽጉ ወረቀት ላይ ያለው የመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ሰማያዊ ነው፤ በማንሻው ላይ ያለው ግን ወይን ጠጅ ነው። መስኮት ሦስትን ብጠይቃት፣ የማኅተሙ ቀለም አልቆባችሁ እንደነበርና "ኤግዚቢቱ ዝም ብሎ ከሚደርቅ" ተብሎ ሥራ ላይ እንደዋለ በቅንነት ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ፈቃድ፣ ስንት እግድና ስንት ቅጣት በእሱ እንደታተመ እርስዎ ያውቃሉ። የሐሰት ማስረጃ አቅርበሻል ብለው ሊከሱኝ ከወሰኑ፣ የክሱ ወረቀት ላይ ማኅተም ከማሳረፍዎ በፊት ሌላ ቀለም ቢያስገዙ ይሻላል። ሱቁ ከበርዎ ፊት ለፊት ነው፤ ትናንት ሳልፍ ጠይቄልዎታለሁ፤ ሰማያዊ ገብቷል።