አራት ፖሎ

ኖህ፣

ለሚዜዎችህ የሚሆነውን ፖሎ ትናንት ሽሮ ሜዳ አይቼልሃለሁ። «ፖሎ ፖሎ ነው» ብለህ ሁሉንም ለእኔ ጥለኸው የለ! ስድስት መቶ ብር የሚሉትን እንዳትነካ፤ አንዴ ሲታጠብ ኮሌታው ይጠቀለላል። አራት ሺህ የሚሉት ደግሞ ደረቱ ላይ ለተጠለፈችው አርማ ነው። ታክሲ መያዣው ፊት ለፊት ካለችው ሴትዮ ባለ አንድ ሺህ አምስት መቶውን ውሰድ። ገልብጠህ ስፌቱን እይ። ኮሌታውን ሳብ አድርገህ ስትለቀው ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

አምስት አይደለም፣ አራት ግዛ። የእኔን ተወው።

ጠዋት አክስቴ ደውላ «አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» አለችኝ። አገናኚኝ ብላት «ተኝተዋል» አለች። ከኋላዋ ብዙ ሰው ይሰማኛል። የእኛ ሰው «ትንሽ አሟቸዋል» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለህ። እንዳልገባው ሰው ሆኜ እሺ አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሳልቀሰቅስህ የሄድኩት ሰርጉን ላራዝም እንዳትል ነው።
እንዳታራዝም።
ሄርሜላን ይቅርታ በልልኝ፤ ምክንያቱን ግን ሙሽርነቷ ካለፈ በኋላ ንገራት።

ሴትዮዋ ጋ ጥቁር ካለ፣ አንድ ለእኔ ያዝልኝ።

ዳኜ