ዘሩ የተለወጠ መኖ እና የእትዬ የሺ ላም

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ከወረታ እስከ ጣና ዳር እንደ እኔ የሚያነብ ሰው የለም። እሺ፣ ቄሶቹን ተዋቸው። ተማሪዎቹንም ተዋቸው። ከእኛ መንደር፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው ወንዶች፣ ዘንድሮ የማታ ትምህርት ከገባነው አራት ሰዎች ውስጥ ማለቴ ነው። ከአራታችን አንዱ አቋርጧል።

መምህርታችን ሰናይት፣ ቀን ቀን የቀበሌያችን የከብት ባለሙያ የሆነችው፣ "በየቀኑ ጥቂት ይጻፉ፤ እጅዎ ይፈታል" ስላለችኝ ነው ይህን ደብተር የያዝኩት። እሷ አታየውም። ማንም አያየውም።

ዛሬ ንባቤ ሥራ ላይ ዋለ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ለላማቸው ከወረታ የተቀነባበረ መኖ በባጃጅ አስመጡ። ወደው አይደለም። ሩዝ ከመጣ ወዲህ ሜዳው ሁሉ ታርሶ ለከብት የቀረው የመንገድ ዳር ነው፤ በግንቦት ደግሞ እሱም አቧራ ነው። የሩዝ ገለባ ብቻ የምትበላ ላም ወተቷ ይነጥፋል። እትዬ የሺ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በዚያች ላም ነው። ባለ ባጃጁ ጌትነት ጠዋት ጠዋት ወተቱን ወረታ ላሉ ሁለት ሻይ ቤቶች ያደርስላቸዋል።

ጆንያው ሲወርድ መንደሩ ተሰበሰበ። ጌትነት "አያ ቸኮል፣ እስቲ ፊደልዎን ያውጡና ያንብቡልን፤ ወይስ ቤት ረስተውት መጡ?" አለኝ።

ከጆንያው አፍ ላይ የተሰፋች ወረቀት አለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። በቆሎ። አኩሪ አተር። ፉርሽካ። ጨው። ከዚያ በታች በደቃቅ ፊደል፣ ዘሩ የተለወጠ።

ሁሉም አንገቱን ወደ እኔ አሰገገ። በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲያ አልተከበርኩም።

እትዬ የሺ "ዘሩ የተለወጠ ማለት ምንድን ነው?" አሉ። "ዘሩን ለውጠውታል ማለት ነዋ፤ የሚበላውንም ይለውጣል" አልኩ። ላማቸውን ቡሪትን አየኋት። ቡሪት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሻኛዋ ቀጥ ያለ የፎገራ ላም ናት። አምስት ወር እርጉዝ ናት። "እንግዲህ ጥጃዋ ፎገራ ላይሆን ይችላል" ብዬ ጨመርኩ።

ወረቀቷን ለልምምድ ይሆነኛል ብዬ ከጆንያው ቀድጄ ኪሴ ከተትኳት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ነገሩን እኔ አልፈጠርኩትም። ባለፈው ቅዳሜ ወረታ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንድ የቆመ የጭነት መኪና ራዲዮ ከፍቶ ነበር። ሰውየው ዘሩ ስለተለወጠ አኩሪ አተር ያወራል። ለከብት መኖ እየሆነ ነው፤ ከወተቱና ከሥጋው ጋር ወደ ሰው ማዕድ ይደርሳል፤ ሰው ግን ሳያውቅ ነው የሚበላው፤ እንዲህ ሲል ሰማሁ። ቀሪውን ሳልሰማ ባጃጁ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ይዞኛል።

ላሟ ከበላች ወተቱስ?
ወተቱን የሚጠጣ ሕፃንስ?
እበቱስ? እበቱ ማሳ ላይ ሲበተን ሩዙስ?
ሩዙን የምበላው እኔስ?

ዛሬ ሆዴ ጮኸ። ምናልባት ሽሮው ይሆናል።

ከትምህርቱ በኋላ መምህርትን ጠየቅኋት። ዘሩ የተለወጠ እህል የበላች ላም ጥጃዋ ዘሩ ይለወጣል ወይ አልኳት። እሷም "አያ ቸኮል፣ የጣናን ዓሣ ስንት ዘመን በሉ፤ እስካሁን ክንፍ አወጡ?" አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳልስቅ ብቀር ይብስ ነበር።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ለውጡ በአኩሪ አተሩ ዘር ውስጥ ነው። ላሟ ስትበላው ሆዷ ይፈጨዋል። ጥጃ ዘሩን የሚወስደው ከእናቱና ከኮርማው እንጂ ከመኖ አይደለም። "ታዲያ ራዲዮው በከንቱ ነው የጮኸው?" አልኳት። "በከንቱማ አይደለም። ማን መረመረው፣ ማን ፈቀደው፣ የሚበላው ሰውስ ለምን አይነገረውም፤ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን የእትዬ የሺ መኖ እንዲያ ነው አይደለም ለማለት ወረቀቱን ላየው ይገባል። ነገ ይዘውት ይምጡ" አለች።

እሺ አልኳት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

በዓለ ሃምሳ ነውና ረቡዕም ወተት ይጠጣል። የእትዬ የሺ ወተት ግን ሙሉውን ተመለሰ። ሻይ ቤቶቹ "ያ ዘሩ የተለወጠው ነው?" ብለው አንቀበልም አሉ። ወሬው በማን ባጃጅ ወረታ እንደገባ ግልጽ ነው። ጌትነት አንገቱን ደፍቶ የወተቱን ጀሪካን አወረደ።

ሐሙሲት ከተማ ላይ ደግሞ "የፎገራ ላም ሻኛ የሌለው ጥጃ ወለደች" ይባላል አለኝ። ቡሪት እኮ ገና አልወለደችም። ወሬዬ ከእኔ ቀድማ ሐሙሲት ደረሰች፤ እኔ ሐሙሲትን ካየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ከዚያ የእትዬ የሺን ፊት አየሁና ኩራቱ ተነፈሰ።

ባለቤቴ ዘውዲቱ "አንተ ሰው፣ ፊደል ሳትቆጥር ነበር የምትሻለው። ያኔ ብትዋሽም ሰው ይስቅ ነበር፤ አሁን ያምንሃል" አለችኝ።

ማታ ትምህርት አልሄድኩም። ወገቤን አመመኝ ብዬ ላክሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

የዛሬው ክፉ ነው። እትዬ የሺ ቅዳሜ ቡሪትን ሊሸጧት ነው።

ወተቱ ሁለት ቀን ሙሉ ተመልሶ ምን ያድርጉ። ቅቤውንም ቢሆን ጎረቤት ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ከወረታ ደላላ መጥቶ ላሟን ዞር ዞር ብሎ አያት። ሆዷን ዳበሰና "ጥጃዋ ምን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ለርቢ የሚገዛት የለም፤ ለሥጋ ነው የምትሄደው" አለ። እርጉዝ ላም፣ ያውም የፎገራ፣ ለሥጋ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። እትዬ የሺ አዩኝና "አንተ ባታነብልኝ ኖሮ ሳላውቅ ለሰው ልጅ ስሸጥ እኖር ነበር። ከኃጢአት አወጣኸኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ ቸኮል" አሉኝ።

አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ቤት ገባሁ፤ እንጀራ ቀረበልኝ። ተነስቼ ማጭድ ሳልኩ። ማጭዱ ቀድሞም ስለት ነበረው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

መምህርት ራሷ መንደር መጣች። ወሬው ቢሯቸው ድረስ ደርሷል። ከእትዬ የሺ አጥር ሥር ቆማ ስለ ጥጃና ስለ ዘር ያን ማክሰኞ የነገረችኝን ለሁሉም ነገረች። ሰው ሰማ፤ ግን "ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ወረቀቱ የት አለ፣ አያ ቸኮል?" አለች።

"ሌላው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው" አልኩ። ሌላ ኮት የለኝም። ዘውዲቱ እዚያው ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች እንጂ አላጋለጠችኝም። ሠላሳ ዓመት የኖርነው በዚህ ነው።

መምህርት ወደ ሌላ መንደር ስትሄድ እኔ ሜዳ ለሜዳ ተንከራተትኩ። ነገ ቅዳሜ ነው። ደላላው በጠዋት ይመጣል። ቡሪት ገመድ አንገቷ ላይ ገብቶ ስትወጣ ታየኝ።

ወደ ማምሻው ተመልሼ እትዬ የሺ ግቢ ገባሁ። ጎረቤቱ ገና አልተበተነም። "ስሙኝ" አልኩ። "ወረቀቱን በደንብ አየሁት። ተሳስቻለሁ። ዘሩ የተለወጠ አይደለም የሚለው፤ ዘሩ የተመረጠ ነው። ሁለት ፊደል ተምታታብኝ።"

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ። እንዴት ያለ ሳቅ። ጌትነት መሬት ላይ ተቀምጦ "አያ ቸኮል፣ ቡሪትን በሁለት ፊደል ሊያርዷት ነበር እኮ" አለኝ። ሰውየው ምላሱ እንዲህ ስለት እንዳለው አላውቅም ነበር።

እትዬ የሺ ግን አልሳቁም። የቡሪትን ግንባር ይዘው ቆዩ። "የተመረጠ ከሆነስ እሰየው" አሉ።

ተዋርጄ ሳለ ደስ አለኝ። ይህም አለ ለካ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ደላላው ባዶ እጁን ተመለሰ። አንዱ ሻይ ቤት ወተቱን ተቀበለ፤ ሌላው ነገ ላክልኝ አለ። እኔን ከዛሬ ጀምሮ "አያ የተመረጠ" ይሉኛል። ይበሉኝ። ስም ያልወጣለት ሰው መንደር ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለት ሰዓት ያህል በሰላም ኖርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጌትነት ከወረታ ሁለት ጆንያ መኖ ጭኖ መጣ። ያው ዓይነት። እትዬ የሺ "ዘሩ የተመረጠ ከሆነማ ቡሪት ትጥገብ" ብለው ነው ያስመጡት። ሁለት ጎረቤቶችም ለራሳቸው አዘዋል። "አያ ቸኮል ያነበበው ነው" ይላሉ። ሲስቁብኝ ውለው በንባቤ ያምናሉ፤ ይህን ምን ይሉታል?

መምህርትም ከወረታ መጣች። መኖ ሻጩን አኩሪ አተሩ ከየት ነው ብላ ጠይቃዋለች። ከጅምላ ነጋዴ ነው አላት። ጅምላ ነጋዴውስ? አላውቅም አላት። "ከአገር ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭም ሊሆን ይችላል። ደህናም ነው መጥፎም ነው አልልም፤ ስለማላውቅ። እስካውቅ ድረስ ግን የተመረጠ ነው ብሎ መተማመንም ትክክል አይደለም" አለችኝ። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ዓይኔን እያየች። ኮቱን ግን አልጠየቀችኝም።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬ የሺን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። "አዲሱን መኖ ለጊዜው አይክፈቱት" አልኳቸው። "ምነው? የተመረጠ አይደል?" አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ቀልድ ብቻ ነው የመጣልኝ፤ ዋጥኩት።

ወረቀቷን ከኪሴ አወጣሁና እጃቸው ላይ አደረግኋት። "ነገ ለመምህርት ይስጧት፤ እሷ ታንብብልዎ" አልኳቸው። "አንተ እያለህ ለምን እሷ?" አሉ። "እኔ ገና ተማሪ ነኝ" አልኳቸው። በሕይወቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም። እትዬ የሺ ትንሽ አዩኝና ወረቀቷን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯት።

ነገ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ጌትነት ምን ስም እንደሚያወጣልኝ ግን መገመት አያቅተኝም። ወተቱ ይመለስ ይሆን፣ አኩሪ አተሩስ ምን ዓይነት ነው፣ ይህንንም አላውቅም። መምህርትም አታውቅም፤ ሻጩም አያውቅም።

የማውቀውን ልጻፍ። እዚህ ደብተር ላይ ከጻፍኩት አንዱ ሐሰት ነው። ከጨው በታች በደቃቅ ፊደል ያለው "ከእርጥበት ይጠበቅ" ነው። ስለ ዘር አንድ ፊደል የለበትም፤ የተለወጠም አይልም፣ የተመረጠም አይልም። ሰኞ ዕለት ጨው ብዬ ስጨርስ ሰው "ይኸው ነው?" ብሎ ወደየቤቱ ሊሄድ ጀመረ። እንዳይሄዱብኝ ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት።