በሩ ላይ ያሰመርኩት ቁመት

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ትርንጎ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ሕፃኑ ገብረወልድስ መሄድ ጀመረ? የዘንድሮ ጤፍ እንዴት ያዘ? እኔና ባለቤቴ ሸዋገነት፣ ከድሬዳዋ ሙቀት በቀር አካላችን ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልባችን ግን ደኅና አይደለም።

በመስከረም ልጅሽን አለምብርሃንን ትምህርት ቤት ወስጃት አልተቀበሏትም። መቼም ታውቂዋለሽ፣ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ የወዲያ ጆሮውን ያልነካ ልጅ «ገና ነው» ተብሎ ይመለሳል። የእሷ እጅ ጆሮዋ ጋ ሊደርስ ሲል ቆመ። ቤት ስትጫወት እኮ ጆሮዋን አልፋ አንገቷን ትነካለች! ተናድጄ እስከ ቤት ድረስ «ድንክ» እያልኩ አሾፍኩባት። ምላሴን ይቁረጠው።

ጎረቤታችን መምህርት ሸፊቃ ነገሩ አላማራትም። ልጅ ራሱን እንዴት እንደሚያይ ለማወቅ ከመለካቱ በፊት እሱኑ መጠየቅ ነው ብላ፣ ትናንት የግቢውን ልጆች ሰብስባ ጠመኔ ሰጠቻቸው። ቁመታቸው እስከ የት እንደሚደርስ ግድግዳው ላይ እንዲያሰምሩ አዘዘች። የባለሱቁ የዐያንሌ ልጅ ዓብዲ ዘሎ ከራሱ በላይ አንድ ክንድ ጨምሮ አሰመረ፤ ሳቅንበት። አለምብርሃን ግን ጎንበስ ብላ ከጉልበቷ በታች አሰመረች። ሸፊቃ ጠመኔውን ተቀብላ ወደ እኔ ዞረች።

አቅፌ ብጠይቃት፣ ወለንጪቲ ላይ ባቡር ስታሳፍሪያት «አሁን ትልቅ ልጅ ሆነሻል» ብለሽ እንደሳምሻት ነገረችኝ። ትልቅ ስለሆነች ተሰጠች፤ ገብረወልድ ትንሽ ስለሆነ አንቺ ጋ ቀረ። ትንሽ ከሆነች መልሰሽ ትወስጃታለሽ፤ የእሷ ሐሳብ ይህ ነው። ምግቧን እኩሌታውን የምትተወው ለዚህ ኖሯል። እኔ ሞኙ በየወሩ በሩ ላይ በእርሳስ እየለካኋት «አደገች» እያልኩ እጽፍልሽ ነበር። መስመሩን በምራቋ ስትፍቅ ሸዋገነት አግኝታት ተቆጥታታለች።

እታለም፣ አንቺን አልወቅስም። ባልሽ ሲሞት፣ ልጅ የለንምና ስጪን ብዬ የለመንኩሽ እኔ ነኝ። ቤታችን በእሷ ሞልቶ ነበር። ግን ላለማደግ የምትራብ ልጅ ይዤ አሳዳጊ ነኝ ማለት አልችልም። ለገና ይዣት እመጣለሁ። ሸዋገነት ከአሁኑ ልብሷን እያጠበች ታለቅሳለች፤ እኔም ልቻለው ብል አልቻልኩም።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ገብረወልድን ጉንጩን ሳሚልኝ። ሸዋገነት ሁላችሁንም ሰላም ትላለች።

ይህን ስጽፍ አለምብርሃን አጠገቤ ተቀምጣለች። ለእናትሽ ምን ልበልልሽ ብላት፣ «አላደገችም ብለህ ጻፍ» አለችኝ።

ወንድምሽ አየነው
ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.