ልጃችን ከሥልጠና ስለ መቅረቷ

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዋና ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በቅርቡ ለተተከለው ባለ እብነ በረድ የግቢ በር ደኅንነት ያለኝን ምኞት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ ከበሩ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ የሠልጣኞችን ሰማያዊ ቱታ የምሰፋው ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መኪናዎ ሲገባ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ስነሣ ምናልባት አይተውኝ ይሆናል። ባለቤቴ «የመማር ማስተማሩን ሰላማዊ ሂደት በማወኳ» ግቢውን ዳግመኛ እንዳትረግጥ የሚያዝዘው ደብዳቤዎ ደርሶናል። ምላሼን ሌሎች ወላጆችም ቢያነቡት አይከፋም ብዬ በአደባባይ ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ምስጋና ስለሚገባው ዕድገታችሁ። ይህ ኮሌጅ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽና አንድ የምታንጠባጥብ ቧንቧ ይዞ ሲጀመር በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ባለ መስታወት የአስተዳደር ሕንጻ፣ ፏፏቴ ያለው አደባባይ፣ መኝታ ቤትና ካፍቴሪያ አለው። ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ ቱታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ኳስ ሲጫወቱ፣ ደረጃው ላይ ተደርድረው ሲተራረቡ፣ ሣቃቸው ከስፌት መኪናዬ ድምፅ በላይ ይሰማኛል። የብየዳ ወርክሾፑ ብቻ እንደ ጥንቱ ነው፤ ቅርስ እንዴት እንደሚጠበቅ ከእናንተ ተምረናል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ውሃውም ማሽኖቹ ሥር ይተኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ልጃችን። ብየዳ ለሴት አይሆንም ያሏትን ሁሉ ሥቃ ያለፈቻቸው አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ብረት ካለበት ስለማትጠፋ ጓደኞቿ «ማግኔት» ይሏት ነበር። የቤታችንን የብረት በር የሠራችው እሷ ናት። የብየዳው መስመር እባብ የሄደበት ይመስላል ብዬ ስቀልድባት፣ «አባባ፣ በር እኮ ነው፤ ስፌቱ ባያምርም ይይዛል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እስከ ዛሬ ይዟል።

ስለ ውሃው ሠልጣኞቹ ለአሰልጣኛቸው፣ አሰልጣኙም ለቢሮዎ ደጋግመው አመልክተዋል። «ከማስፋፊያው ጋር ይታያል» ተባሉ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ልጡ የተላጠ ገመድ ውሃው ውስጥ ወድቆ ኤሌክትሪክ ያዛት። ጩኸቱን ሰምቼ መንገዱን ተሻግሬ ስሮጥ ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር፤ ከቀብር እስክመለስ ድረስ እንዳላወለቅሁት ነገሩኝ። የእናንተ ማጣራት ደግሞ አደጋው የደረሰው «በሠልጣኟ የጥንቃቄ ጉድለት» መሆኑን ደረሰበት። ሰው ሙት ወቃሽ ላለመሆን ይጠነቀቃል፤ እናንተ ግን ለእውነት ስትሉ ይህን የመሰለውን ተራ ይሉኝታ በመሻገራችሁ ልትመሰገኑ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ስለ ዘመናዊው የክትትል ሲስተማችሁ። በአዲሱ ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ ማለዳ ላይ የጽሑፍ መልእክት መጥቶ ስልኬ ጮኸ፤ የልጃችንን ስም ከነአባቷ ጠርቶ፣ «ዛሬ በሥልጠና ላይ አልተገኘችም፤ ምክንያቱን ያሳውቁ» ይላል። ምክንያቱን ለማሳወቅ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ጸሐፊዎ በጣም አዘኑልኝ፤ ውሃም አጠጡኝ፤ ነገር ግን ሲስተሙ እንጂ ሰው እንዳልላከው አስረዱኝ። በማግስቱም ጠራት። በየማለዳው ጠራት።

ቁጥራችሁን ልዘጋው ስል ግን ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። ጎረቤት ቁስላችንን ላለመነካካት ብሎ የልጃችንን ስም ማንሣት ትቷል፤ ዘመድ እኛ ስንገባ ወሬ ይቀይራል። «ተወው፤ በስሟ የሚጠራት የቀረው እነሱ ብቻ ናቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጮህ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣለች፤ አነብላታለሁ፤ እሷም ቀስ ብላ «ትመጣለች» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ ሰማዩን የማይ መስዬ ወደ ውጪ እወጣለሁ። ክቡርነትዎ ቤታችንን እንዲህ መጎብኘት ያላቋረጡ ብቸኛው ሰው ነዎት።

አራተኛ፣ ባለቤቴ ሥልጠና አወከች ስለተባለበት ቀን። በዚያን ቀን ማለዳ መልእክቱ ሲመጣ እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው። ስሟን ከጠራ በኋላ «ዛሬ በሥልጠና ላይ ተገኝታለች» ይላል።

ባለቤቴ የያዘችውን አስቀመጠች። ጫማዋን አደረገች፣ ጸጉሯን ሸፈነች፣ ወጣች። ጥበቃዎቹ ስለሚያውቋት አላስቆሟትም። ተከትያት ወርክሾፑ በር ላይ ስደርስ፣ ልጃችን ትቆምበት በነበረው ቦታ አንዲት ሠልጣኝ የብየዳ ጭንብሏን ደፍታ፣ እኔ የሰፋሁትን ቱታ ለብሳ፣ አጎንብሳ ትበይዳለች። እንደ ልጃችን ትከሻዋን ዘንበል የምታደርገው ነገር ነበራት። ያን ጊዜ እኔም የልጃችንን ስም ጠራሁ።

ልጅቱ ጭንብሏን አነሣች። የሌላ ሰው ልጅ ናት፤ ክብ ፊት ያላት፣ የደነገጠች። ባለቤቴ አላለቀሰችም። ማሽኑ ሥር ያደረውን የዝናብ ውሃ አየች፣ ልጅቱን አየች፣ ከዚያ ጓንት ያጠለቀ እጇን ይዛ፣ «ነይ ልጄ፤ እዚህ አይቆምም» አለቻት። ልጅቱ ተከተለቻት። ቀጥሎ አንዱ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ሌላው ጓንቱን አወለቀ፤ ሁሉም ወጥተው ፏፏቴው ዳር ተቀመጡ፤ ጣሪያው ሳይጠገን አንገባም አሉ። በአገር የመጣ ሁከት ይኸው ነው። ባለቤቴን ጥበቃዎቹ ክንዷን ይዘው አስወጧት፤ ልጆቹም እንባረራለን ብለው ስለ ፈሩ ከምሳ በኋላ ተመለሱ። ጣሪያው ላይ ላስቲክ ተወጠረ፣ ከሥሩም ባልዲ ተቀመጠ፤ ስለ ፈጣኑ እርምጃ ምስጋናችን የላቀ ነው። የልጃችን መለያ ቁጥር ለአዲሷ ሠልጣኝ ተላልፎ እንደ ነበር አሰልጣኙ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ቁጥር መባከን የለበትም።

እገዳዎን እናከብራለን። ባለቤቴ ግቢውን አትረግጥም። ዝናብ ባካፋ ቁጥር ግን ሱቄ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች፤ የሚገቡትንም ሠልጣኞች አንድ በአንድ እያስቆመች ዛሬ ብየዳ እንዳይዙ ትለምናቸዋለች። በረንዳው የእኔ ነው፤ ሕጉን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ሕንጻ በሕንጻ ላይ እንዲጨምርልዎ፣ ፏፏቴዎም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ለመቆም በማይመጥን ነገር ግን ከበርዎ ፊት በማይጠፋ ትሕትና እሰናበታለሁ፤

የቱታ ሰፊውና ባለቤቱ፣ የማግኔት አባትና እናት

ማሳሰቢያ፦ አዲሷ ሠልጣኝ ቱታዋን ልታስጠብብ መጥታ ስናወራ፣ ወላጆቿ በሩቅ እንደሚኖሩና ከኮሌጁ አንድም መልእክት ደርሷቸው እንደማያውቅ ነገረችኝ። ቁጥሩን ስትወርስ የእኛን ስልክም አብራ ወርሳለች ማለት ነው። እንግዲህ እሷ አንድ ነገር ብትሆን ሲስተሙ የሚያሳውቀው ለእኛ ነው። እባክዎ ክቡር ዲን፣ ያን ቀን ለእኛ አይደውሉ፤ እኛ ሰምተነዋል።