የ«እሺ» ትርጉም ላልደረሳቸው ክቡራን ሕግ አውጪዎች

በግዛታችን ዋና ከተማ በኮሎምበስ ለምትገኙ ክቡራን ሕግ አውጪዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንዴት ነው? ልባችሁ፣ ሳንባችሁ፣ በተለይም ሁለቱም ኩላሊቶቻችሁ ደህና ናቸው? እኔ እናናዬ፣ የብሌንደን ታውንሺፕ ነዋሪ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ኢስተን የገበያ ማዕከል አካባቢ ያለ ሆቴል የላውንደሪ ሠራተኛ፣ ደህና ነኝ ለማለት ያህል ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ላመሰግናችሁ ነው። ባለፈው መጋቢት ሐኪሜ፣ አምስት ወር ሊሞላው የቀረበው ፅንሴ ሁለቱም ኩላሊቶች እንደሌሉት፣ በዚህም የተነሳ ሳንባው እንደማያድግ፣ ቢወለድም መተንፈስ እንደማይችል ነገረችኝ። ፈልገን የፀነስነው ልጅ ነው። እኔና ባለቤቴ ጎሳዬ ዘጠኝ ቀን አልቅሰን፣ ጸልየን፣ ሌላ ሐኪምም ጠይቀን እርግዝናው እንዲቋረጥ ወሰንን። በዚያ ሁሉ መካከል ለራሴ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልቡን ምት ዳግመኛ እንዳልሰማ። ከሰማሁት ዕድሜ ልኬን ከጆሮዬ እንደማይወጣ አውቅ ነበር። በዚህ ጉዳይ ከእናንተ ጋር የሚስማሙ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኔም አሉ፤ ከእነሱ ጋር ያለኝን ክርክር እዚያው እጨርሳለሁ። ለእናንተ ያለኝ ምስጋና ግን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሳላውቅ እንዳልወስን በማሰብ መረጃ እንዲሰጠኝ በሕግ ስላዘዛችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለዚሁ በሄድኩበት ክሊኒክ ያገኘኋት ሐኪም በታዘዘችው መሠረት፣ የልብ ምት ያለው ፅንስ እስከ መውለጃው ቀን የመድረስ ዕድሉ ከመቶ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ሰጠችኝ። በጣም የሚያስደስት ቁጥር ነበር። ኩላሊት ያለውንና የሌለውን ሳያበላልጥ ለሁሉም እኩል የሚታደል በመሆኑ፣ የግዛታችን የእኩልነት መንፈስ እስከ ማህፀን ድረስ መዝለቁን ተረዳሁ። የፅንስን ዕድገት በየሳምንቱ የሚያስረዳ ወረቀትም ተሰጠኝ። የእኔ ሳምንት ላይ ኩላሊቶቹ ሥራ እንደጀመሩ ይናገራል። ሐኪሟ ገጹን ቶሎ ልትገለብጥልኝ ሞክራ ነበር፣ እኔ ግን አንብቤው ነበር።

ሁለተኛ፤ ሁሉም ነገር በሚገባኝ ቋንቋ እንዲነገረኝ በመደረጉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሆቴል እንግሊዝኛ አለኝ፤ የኩላሊት እንግሊዝኛ ግን ስለሌለኝ፣ ኸይሪያ የተባለች ትሁት አስተርጓሚ በስልክ ስፒከር ተገኘችልኝ። የአልትራሳውንድ ባለሙያዋ፣ ሕጉ እንደሚለው፣ ምስሉን ማየት ወይም የልቡን ምት መስማት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ኸይሪያም አንዲት ቃል ሳታጎድል ተረጎመችው። እኔም «እሺ» አልኩ።

ክቡራን ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላስቸግራችሁ። የእኛ እሺ ሰፊ ነው። ስልክ ለመዝጋት እሺ እንላለን፤ ለማንሄድበት ሰርግ እሺ እንላለን፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲያናግረን ደግሞ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ እሺ እንላለን፣ ይኸውም ሰምቼዎታለሁ፣ ትንሽ ይታገሱኝና እመልስልዎታለሁ ለማለት ነው። እኔም «አልፈልግም» ለማለት ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ሳለሁ ኸይሪያ ግዴታዋ ነውና «ኦኬ» አለች፤ ባለሙያዋም ግዴታዋ ነውና ድምፁን ከፈተችው።

ክፍሉ በልቡ ምት ተሞላ። ኸይሪያ እኛ ያለንበትን ስለማታይ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ሰው እያወራ ነው መሰለኝ፣ አልሰማ አለኝ። የምተረጉመው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚተረጎም እንዳልሆነ ነገርኳት። ነገሩ ገብቷት መሰለኝ፣ ደግማ አልጠየቀችኝም። ድምፁ እንዲጠፋልኝ ለመጠየቅ አቅም እስካገኝ ድረስ ምናልባት አንድ ደቂቃ አልፏል። በዚያች ደቂቃ፣ ሕጉ እንደሚፈልገው፣ የተሟላ መረጃ አገኘሁ።

ሦስተኛ፤ በችኮላ እንዳልሳሳት ሃያ አራት ሰዓት እንዳስብበት ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ያሰብኩት ሳይቆጠር በመቅረቱም ቅር አላለኝም። የቀረችኝን አንዲት የዕረፍት ቀን እርግዝናው ለሚቋረጥበት ማግስት ስላስቀመጥኳት፣ የማሰቢያ ጊዜዬን ያሳለፍኩት ከክሊኒኩ በቀጥታ ሥራ ገብቼ አንሶላ በማጠፍ ነው። የሥራ ባልደረባዬ እትዬ ብርነሽ፣ ምንም የምታውቀው ነገር ስላልነበረ፣ ሆዴን ዳበስ አድርጋ «ቤቢ ሻወሩን መቼ ሼጁል እናድርግልሽ? ኦርጋናይዝ የማደርገው እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይነካብኝ» አለችኝ። ለእሷም እሺ አልኳት።

ከጀርባችን ትልቁ የልብስ ማድረቂያ ዱብ ዱብ ይል ነበር። እስከ ዛሬ ወደዚያ ጥግ መሄድ አልቻልኩም፤ የእኔን ድርሻ ከማድረቂያው የምታወጣልኝ እትዬ ብርነሽ ናት። ልጄን ስላጣሁ እናንተን አልከስም፤ እሱን የወሰደብኝ የአፈጣጠሩ ጉድለት ነው። ያንን ድምፅ ግን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እኔ አልፈለግሁትም ነበር፣ አሁንም አልፈልገውም፣ የት እንደምመልሰውም የሚናገር አንቀጽ ፈልጌ አጣሁ።

ስለ ማህፀኔ ከእኔ ይልቅ ለተጨነቃችሁልኝ ለሁላችሁም እጅ እየነሳሁ፣ ለእናንተም፣ ለባለቤቶቻችሁም፣ ለሴት ልጆቻችሁም ረጅም ዕድሜና አንድም የማይጎድልበት ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮት፣
መረጃው በሚገባ የደረሳት
እናናዬ
ብሌንደን ታውንሺፕ፣ ግንቦት 2024 እ.ኤ.አ.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሆን ብዬ በአማርኛ ስለጻፍኩት አስተርጓሚ መጥራት ይኖርባችኋል። ተነቦላችሁ ሲያበቃ፣ ጨዋዎች ናችሁና፣ «ኦኬ» ማለታችሁ አይቀርም። አይስጋችሁ፤ እኔ ተስማምተዋል ብዬ አልፈርምባችሁም።