ሕመሙ ሲጀምረኝ እንድመለስ ለመከሩኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የአንጀት ምርመራ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ሆድዎም እንደ ቢሮዎ ጸጥ ያለ ይሁን እያልኩ፣ ከበርዎ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ሆኜ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። ስብሰባዎ አላልቅ ስላለ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ሳይነኩኝ ጤነኛ መሆኔን ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ። መስኮቱ ላይ ያሉት ሠራተኛዎ ቀና ብለው አይተውኝ፣ «እትዬ፣ ፊትሽ እንኳን ያበራል፤ ሲያምሽ ትመጫለሽ» አሉኝ። የመጣሁት ግን ለፊቴ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ሃምሳ ዓመት ለሞላው ነው መባሉን በትሕትና ተቀብያለሁ። ችግሩ የቤታችን በሽታ ደንብዎን አለማንበቡ ነው። እናቴን በአርባ አራት ዓመቷ፣ ታላቅ ወንድሜን ደግሞ አምና በአርባ ሰባት ዓመቱ ወሰደ። እኔ አርባ አምስቴን ይዣለሁ።

ሦስተኛ፣ ሃምሳ ላልሞላው ሰው የሁለት የቅርብ ዘመድ ማስረጃ ያስፈልጋል ተባልኩ። የወንድሜ አለ። የእናቴ መዝገብ ግን «የሆድ ሕመም» ብቻ ይላል። ይህም የሆነው በርኅራኄ ነው፤ ያን ጊዜ የዚሁ የእርስዎ ሆስፒታል ሐኪም ወንድሜን ኮሪደር ላይ ጠርተው፣ «አንተ ወንድ ነህ፣ ቻለው፤ ካንሰር መሆኑን ለእሷም ለሴቶቹም እንዳትነግር» አሉት። ቻለው። እኛም ለጠየቀን ሁሉ «ጨጓራዋ ነው» እያልን ቀበርናት። ወንድሜ የእናቱን ምሥጢር ሲጠብቅ የራሱም ጭምር መሆኑን አላወቀም። የነገረኝ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ነው፤ «አንቺ እንኳ ቶሎ ሄደሽ ታዪ» ብሎ። ይህን ይዤ ብመጣ «የሟች ቃል ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ። ደብቁ ያላችሁንን ስለ ደበቅን ዛሬ ማስረጃ የላችሁም ተብለን መመለሳችን፣ ምስጋና የሚበቃው ውለታ አይደለም።

አራተኛ፣ ከአግዳሚው በላይ ስለ ለጠፉት ሥዕል። በዘር የሚተላለፍ የአንጀት ካንሰር በጊዜ ከታየ፣ ትንሿ እባጭ ካንሰር ሳትሆን ተቆርጣ እንደምትወጣ በቀለም ያስረዳል። በጣም ያምራል። የተለጠፈው ለእኔ ይሁን ለግድግዳው ግን አልገባኝም።

አምስተኛ፣ እነሆ እንደ ምክርዎ ሕመሙን እየጠበቅሁ ነው። ሆዴ ባጉረመረመ ቁጥር የምሰፋውን ልብስ አስቀምጬ አዳምጣለሁ። በግቢያችን የጋራ መጸዳጃ ቤት ደም ፍለጋ ስቆይ፣ ጎረቤቴ በሩን እየደበደበች «አንቺ ሴትዮ፣ ተከራየሽው እንዴ?» ትለኛለች። ደም ባለማየቴ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ደም ካላየሁ በርዎ እንደማይከፈትልኝ ትዝ ይለኝና ደስታዬን እውጣታለሁ። ካልታመምኩ አልገባም፤ ከታመምኩ በኋላ ደግሞ መግባቴ ምን ሊፈይድልኝ?

እስካሁን ባለመታመሜ ታላቅ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የደንብዎ እድሜ ከደንበኞችዎ እድሜ ይርዘም ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የሟቿ ልጅ፣ የሟቹ እህት

ማሳሰቢያ፦ ሴት ልጅ አለችኝ። ከእሷ አልደበቅሁም፤ በሽታውን በስሙ ጠርቼ ነግሬያታለሁ። በደንብዎ መሠረት እሷም ለመመርመር ሁለት ማስረጃ ያስፈልጋታል፤ አንዱ አጎቷ ነው። በርዎን የማንኳኳው ሁለተኛው እኔ እንዳልሆንላት ነው።