አባቴን ጨካኝ አድርጊው ላሉኝ የፊልም መራጭ

ይድረስ ለክቡር ሚስተር ኮርዊን አሽዳውን፣ የሜዳማው አገር ነጻ ፊልሞች ፌስቲቫል የመራጮች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የካናዳችን የሳስካችዋን የበረዶ ክረምት ጉልበትዎን እንዳልነካው፣ ልብዎም በየዓመቱ በፊልም በሚያሳዩን የሬሳ ብዛት እንዳልደከመ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፊልሜ ቢመለስብኝም ደህና ነኝ።

ላሪሳ ኽናቲዩክ እባላለሁ። ፊልሜ ሴት የምትወድ የገበሬ ልጅ ለአባቷ እውነቱን ስትነግረው የሚሆነውን ያሳያል። ተዋናይ የምቀጥርበት አቅም ስለሌለኝ የቀረጽነው በገዛ ቤታችን ሲሆን፣ አባቴ ኦሬስት የተጫወተው ራሱን ነው። እርስዎም ጊዜዎን ሰውተው «የአባትየው ባሕርይ አያሳምንም፤ ልጅቷን ከቤት ቢያባርራት ታሪኩ ክብደት ያገኛል» ብለው ጽፈውልኛል። ለምክርዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም፤ ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ እንዲሰሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፤ አባቴ የማያሳምን ሰው መሆኑን እስካሁን አላውቅም ነበር። እውነቱን በነገርኩት ቀን፣ ፒክ አፕ መኪናችን ውስጥ ሆነን «አባዬ፣ ፍቅረኛ ይዣለሁ፤ ሴት ናት» ስለው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «ላም ማለብ ትችላለች?» አለኝ። «ኧረ አባዬ፣ የጥርስ ክሊኒክ ነው የምትሠራው» ስለው፣ «በይ እንግዲህ፣ እናስተምራታለን» ብሎ የመኪናውን ማሞቂያ ወደ እኔ አዞረው። ይህንኑ ሳልጨምር ሳልቀንስ ቀርጬ ላክሁልዎ።

ሁለተኛ፤ እንደ እኔ ያሉ ልጃገረዶች መጨረሻቸው ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በአሥራ አምስት ዓመቴ በፌስቲቫልዎ አዳራሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ፊልሞችዎን ሳይ፣ አንዷ ወንዝ ገባች፣ አንዷን አባቷ በረዶ ላይ አውጥቶ ጣላት፣ አንዷ ሻንጣዋን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ሕዝቡም አልቅሶ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም አልልም፤ የደረሰባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። እርስዎ ግን ሌላ አላሳዩኝም። ስለዚህ ቤት ገባሁና ድንች እየላጠ የሚጠብቀኝን ሰው ፈራሁት። ለዓመታት ዓይኑን ሸሽቼ ክፍሌ ውስጥ ለብቻዬ በላሁ። እሱ ደግሞ «እናቷ ከሞተች ወዲህ የልጄን አያያዝ አላወቅሁበትም» እያለ ራሱን ሲወቅስ ኖረ። ክቡር ሆይ፣ እነዚያን ዓመታት ማን ይመልስልን? በዚህ ነገር አርሬያለሁ፤ በትሕትና ልሸፍነውም አልቻልኩም።

ሦስተኛ፤ ምክርዎን አልናቅንም፣ ሞክረነዋል። አባቴ «ፊልምሽ ከሚቀር እኔ ክፉ ልባል፤ ምን አለበት!» ብሎ በሩ አጠገብ ቆመ። «ከቤቴ ውጪልኝ!» ሲል ድምፁ እውነት መስሎኝ ደነገጥኩ። በሩን ስከፍት ግን «ቆይ ቆይ፣ ኮትሽን ልበሺ፣ ብርድ ነው» አለኝ።

«አባዬ፣ አበላሸኸው እኮ!»

ደገምነው። ጮኸ፣ በሩን ከፈትኩ፣ «ጓንትሽስ?» አለ። ደጋግመን ሞከርን፤ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እኔ ላይ እንቢ አለ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። እርስዎ ባዘዙት ጭካኔ ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። ኮቱ ያለበትን ቀረጻ ስልክልዎ የሰጡኝ መልስ «አሁንም አያሳምንም» የሚል ነበር።

ዘንድሮም ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ ትቀመጣለች። ያዘጋጁላትን ሞት አይታ፣ እንባዋን ጠርጋ ቤቷ ትገባለች፤ ማንነቱን ሳትጠይቀው አባቷን ትፈራዋለች። ለዚህ የረጅም ጊዜ አገልግሎትዎ እጅ እነሣለሁ።

የሚመጡት ፊልሞች ሁሉ ልብዎ እስኪረካ ድረስ እንዲያስለቅሱዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካልበረደ ቁጣ ጋር፣

የማያሳምነው ሰው ልጅ፣
ላሪሳ ኽናቲዩክ

ማሳሰቢያ፦ ፊልሙን በሚቀጥለው ቅዳሜ በረታችን ውስጥ አንሶላ ወጥረን እናሳያለን፤ እርስዎም ተጋብዘዋል። ኮት ቢረሱ አያስቡ፤ አባቴ እርስዎን እንኳ በብርድ አያስወጣም።